ያልተወለደው ግልገል ጠጉር

ከዚህ ተረት አንዲት ቃል ብዋሽ ዕድሜዬን ይቁረጠው! እናንተ ብቻ «የላም በረት» እያላችሁ ስሙኝ።

አንድ ጊዜ ተራራ የሚያህል የአንበሳ ማር ተሰረቀ። የዘቡ አለቃ አያ ዝንጀሮ ከእያንዳንዱ እንስሳ ጭብጥ ጭብጥ ጠጉር ነጭቶ ከረጢት ሞላ። «ሌባው ከጣለው ጠጉር ጋር አስተያይቼ ስጨርስ እመልሳለሁ» አለ። ሌባው ሸለምጥማጥ ሆኖ ተገኘ። ጠጉሩ ግን አልተመለሰም።

የዋኋ በግ፣ ሆዷ እንደገፋ፣ ልትጠይቅ ሄደች።

«አያ ዝንጀሮ፣ ጠጉሬን መልስልኝ እንጂ። ምን አጠፋሁ?»

«አንቺማ ምንም። ግን ጠጉር በዘር ይወርዳል፤ ነገ ልጅሽ ቢሰርቅ በዚህ አውቀዋለሁ። ንጹሕ ከሆነ ምን ያስፈራሻል?»

ገና ብርሃን ያላየ ልጇ ተጠርጣሪ ሆነባት። ገመድ አምጥታ አንዱን ጫፍ በአንገቷ፣ ሌላውን በዝንጀሮ ወገብ አሰረች።

«አንቺ! ምን መሆንሽ ነው?»

«ልጄን ከጠረጠርክ ከሳሹ ነህ። በአገራችን ወግ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ በአንድ ገመድ ይቆራኛሉ። ስለ ልጄ እኔ ታስሬያለሁ፤ እስኪወለድ፣ እስኪያድግ፣ እስኪሰርቅ አብረን እንጠብቅ።»

ዝንጀሮ ዛፍ ልውጣ ቢል በግ ከበደችው። ዞር ሲል ፍየልም አህያም ገመድ ገመዳቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ የሰልፉ ጭራ ባሕር ተሻግሯል! ጨነቀውና ጠጉሩን ለየባለቤቱ መለሰ።

አፌን በዳቦ ሳታብሱልኝ ልናዘዝ፦ አንዲት ትንሽ ነገር ፈጥሬያለሁ። ጠጉሩን መለሰ ያልኳችሁን። ገመዱ እስከ ዛሬ አልተፈታም፤ ግልገሉም በላዩ እየዘለለ ይጫወትበታል።