የዳምጠው ዴክ

ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር፣ ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት መስመር ስታልፉ አንዱ ሌላውን በባዶ ሜዳ ሲጠረጥር ብትሰሙ፣ ከመካከላቸው አንዱ አንዲት አባባል ጣል ያደርግና ሁሉም በሳቅ ይፈርሳል። እንግዳ ሰው ግራ ይገባዋል። «ደግሞ ይኼን ከዲቪዲ ዴክ ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። ተገናኝቷል እንጂ! አባባሏ እንዲሁ ከመሬት አልበቀለችም። የወለዳት የልብስ ሰፊው የዳምጠው ቤት ነው፤ አወላለዷም እንዲህ ነበር።

ዳምጠው እጁ የተባረከ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱሪ ቢያሳጥር ፋብሪካ የጨረሰው ይመስላል። ሚስቱ ውባንቺ ደግሞ በራሷ ስፌት መኪና የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ትጠልፋለች፤ መኪናዋን ስትዳር የሰጧት እናቷ ናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሠሩ ላያቸው ደስ ይሉ ነበር። ግን ምን ያደርጋል፣ ዳምጠው ቅናተኛ ነው። ቅናተኛ ስላችሁ እንደ ሰው ሁሉ የሚቀና እንዳይመስላችሁ! ውባንቺ ለደንበኛ «እንደምን ዋልክ» ካለች መቀሱን ያስቀምጣል። ሰላምታው ከረዘመ ክር ይበጥሳል። ወፍጮ ቤት ከቆየች እዚያው ድረስ ሄዶ ወረፋውን በዐይኑ አይቶ ይመለሳል። የነፍስ አባቷ መስቀል ሲያሳልሟት እንኳ «አሁንስ አበዙት» ብሏል እየተባለ ይታማል።

ታዲያ የጥምቀት ሰሞን ዘመዶች ሊጠይቋቸው መጡ። ያው በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ምሳ ይቀርባል፣ ከምሳው ጋር የሰርጉ ዲስክ ይከፈታል፤ ሳያዩ ተነስቶ መሄድም ነውር ነው። ዳምጠው ያን ዓመት ፍላት ቴሌቪዥን ገዝቶ ስለነበር በደስታ ከፈተላቸው። ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት የምትወጣበት ቦታ ሲደርስ፣ ውባንቺ እንደ ወጉ አቀርቅራ ታለቅሳለች። ድንገት ቀና አለችና ወደ አጥሩ አይታ ፈገግ አለች። አጥሩ ሥር ጋቢ የለበሰ ሰው ቆሞ እጁን አንስቷል። ፊቱ ግን ጭጋግ ነው፤ ምኑም አይለይ።

«ውይ! እያለቀሰች ማንን አይታ ነው እንዲህ የሳቀችው?» አለች አንዷ እንግዳ፣ ጉርሻዋን እየጠቀለለች።

ሴትዮዋ ነገር ልታነሳ ብላ አልነበረም፤ ጎርሳ ረሳችው። ዳምጠው ግን ቃሏ እንደ እሾህ ተሰንቅሮበት ቀረ። ሙሽራ እኮ አንገቷን ደፍታ ነው የምታለቅሰው፤ እንዴት ትስቃለች? ለዚያውም ባሏ አጠገቧ ቆሞ!

እንግዶቹ እንደወጡ ዲስኩን መልሶ ከፈተው። ምስሉን አቆመና ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። በተጠጋ ቁጥር ሰውዬው ጭራሽ ይደበዝዛል።

«ውባንቺ፣ ይኼ ሰውዬ ማነው?»

«የቱ?»

«ይኼ ነዋ! የሳቅሽለት!»

ጠጋ ብላ አየችው። «እኔ እንጃ። ያን ቀን ዐይኔ እንባ ሞልቶት ማንን ለይቼ?»

«ሳትለዪው ነው የሳቅሽለት?»

«ኧረ በማርያም ዳምጤ! ሰው ቢያልቅብህ ከአጥር ጋር ልትጣላ ነው?» ብላ ሳቀች።

መሳቋ ነው ይበልጥ ያቃጠለው። እሱ ደግሞ በልቡ ሰውዬውን አግኝቶታል፤ አለኸኝ ነው። አለኸኝ አስተማሪ ነው፤ ከዳምጠው በፊት ውባንቺን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ «ልጃችን ገና ናት» ተብሎ የተመለሰ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ቁመቱ የእሱ፣ ትከሻው የእሱ፣ እጅ አነሳሱ ሳይቀር የእሱ! ከዚያ ወዲያ ዳምጠውን እህል አልወርድ አለው። ያ እጁ የተባረከ ሰው የአንዱን ኮት እጅጌ ገልብጦ ሰፋው።

አልቻለም፤ ወደ ሽመልስ ሱቅ ሄደ። ሽመልስ ቴሌቪዥንና ዴክ የሚሸጥ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ነጋዴ ነው።

«ሽመልስ፣ የደበዘዘ ምስል የሚያጠራ ነገር አለህ?»

«ለአንተ የማይኖረኝ ምን አለ!» ብሎ ከመደርደሪያው አንድ ቀጭን ዴክ አወረደ። «ይኼ እንደ ቤትህ ተራ ዴክ አይደለም። ዲስኩን ተቀብሎ፣ ጥራቱን አሳድጎ ነው ለቴሌቪዥኑ የሚሰጠው። ለፍላት ተብሎ የተሠራ ነው።»

«ፊት ያሳያል?»

«ፊት? ቅንድብ ያስቆጥርሃል እንጂ!»

«እንዴት አድርጎ?»

«ምስሉ ሲለጠጥ መሃል መሃሉ ላይ ክፍተት ይፈጠራል አይደል? ግራ ቀኙን ያይና፣ እዚህ ጋ መሆን ያለበት ይኼ ነው ብሎ ራሱ ይሞላዋል።»

«ይገምታል ማለት ነው?»

«ይገምታል! ግን እንዴት ያለ ግምት!»

ዳምጠው ይቺን ወደዳት። አምፖል ሊገዛ የቆመ አንድ አናጢ ሰምቶ አላስችል አለው። «ተው ወንድሜ፣ አትክሰር» አለ። «አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ያንኑ ራሳቸው ይሠሩታል ይባላል። የድሮው ዴክህ ምን አጎደለብህ? ቪዲዮ አንሺው ያላነሳውን እንደሆነ ማንም አያመጣልህ።»

ዳምጠው «አንተ ምን ቸገረህ፣ ያንተ ሚስት ለአጥር አትስቅ!» ሊለው አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው።

ችግሩ የሚከፍለው አልነበረውም። ሽመልስም ያን ጊዜ እህቱ ጥልፍ ልትጀምር መኪና እንደምትፈልግ ነገረው። እዩልኝ እንግዲህ! የራሱን መኪና ቢሰጥ ምናለበት? አይ፣ የራሱንማ ምን ቆርጦት! ውባንቺ ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ ጠብቆ የእሷን መኪና ጋሪ ላይ ጫነና፣ ዴኩን በብብቱ ይዞ ተመለሰ። ሲገባ እንደ አሸናፊ ነበር የሚራመደው።

ከለቅሶ ስትመጣ ቦታው ባዶ ነው። «መኪናዬስ?» አለች።

«ቁጭ በይ። መጀመሪያ ጉድሽ ይታይ።»

ሁሉንም ነገራት፤ አለኸኝንም ስሙን ጠርቶ። ውባንቺ አልጮኸችም። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ቆማ አየችው።

«የእናቴን ስጦታ በጭጋግ ለወጥከው» አለች። «እንግዲያው ብቻህን አታየውም። የዳሩን ሽማግሌዎች ይምጡ። ሰውዬው አለኸኝ ከሆነ በለበስኩት እወጣለሁ። ካልሆነ ግን ዳምጠው፣ ከእንግዲህ ባሌ አይደለህም።»

ዳምጠው ክው አለ። ያለ እሷ ቤቱ ቤት እንደማይሆን እሱ ራሱ ያውቃል፤ ይወዳታል እኮ! ግን ያ ቅናቱ ወዲያው «እንዲህ የደፈረችው ብትፈራ ነው» አለው፤ እሱም አመነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ የሚመሯቸው አያ ደስታው ናቸው። ሽመልስም ዴኩን ሊያገናኝ መጣ። ጎረቤቱ ደግሞ ሳይጠራ በሩን ሞላው፤ እንዲህ ያለ ነገር በነፃ ከየት ይገኛል!

ዲስኩ ተከፈተ። እውነት ለመናገር ምስሉ ለስለስ ብሏል፤ የቀሚሱ ጥልፍ ተለየ፣ የሙሽራዋ እንባም ጉንጯ ላይ ሲወርድ ታየ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ሽመልስ አቆመው። የሰውዬው ጋቢ ነጣ፣ ጠርዙ ተስተካከለ። ፊቱ ግን የተላጠ ድንች መስሎ ቁጭ አለ።

«ጢም! ጢም አለው!» ብሎ ዳምጠው ዘለለ። «አለኸኝ ያኔ ጢም ነበረው!»

«እኔን ደግሞ ሟቹን አጎቴን መሰለኝ» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ኧረ ሴት ናት!» አለች ከበሩ አንዲት ጎረቤት።

ሽመልስን ላብ አጠመቀው። «ዲስኩ ላይ ፊት ከሌለ እሱ ከየት ያምጣው? ያለውን ነው የሚያሳምረው» አለ፤ በሱቁ ያን ያላለውን።

አያ ደስታው ግን አጥሩን ትተውታል። በምርኩዛቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ። «እስቲ ቆዩ፣ ይኼ አጠገቧ የቆመውስ ማነው?»

ሁሉም አየ። ዳምጠው ነበር። ለካሜራው ቅርብ ስለሆነ የግንባሩ ሥር ሳይቀር ይታያል። ሰርገኛው ያጨበጭባል፣ ሙሽራዋ በእንባዋ መሃል ፈገግ ብላለች፣ ሙሽራው ጥርሱን ነክሶ፣ ዐይኑን አፍጥጦ አጥሩን ይገላምጣል። ያን ዲስክ ስንት ጊዜ አይቶታል፤ ራሱን ግን አንድም ቀን አላየም። አሁን ሲያየው ጆሮው ድረስ ጋለ፤ የሚገባበት ጠፋው።

ውባንቺ ያን ፊት ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አያ ደስታው፣ ያን ቀን ለማን እንደሳቅሁ ዛሬም አላውቅም። ለምን እንዳለቀስኩ ግን አሁን ገባኝ።»

ሽማግሌዎቹ ለመኗት፤ እሺ አላለችም። የእሷን መኪና የሽመልስ እህት ወደ ቡሬ ወስዳው ስለነበር፣ በምትኩ የዳምጠውን መኪና ትውሰድ ብለው ፈረዱ። ጎረቤቶቹ ተጋግዘው ጋሪ ላይ ጫኑላት። ልብስ ሰፊው ያለ መኪናና ያለ ሚስት ቀረላችሁ።

«ተከተላት እንጂ!» አሉት አያ ደስታው። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ በላት! ገና ከደጅ ናት!»

ዳምጠው ተነሳ። ሁሉም መንገድ ለቀቀለት። ሁለት እርምጃ ሄዶ ግን ዐይኑ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ። እዚያ ሰውዬው እጁን እንዳነሳ ነው፤ ለዳምጠው ውባንቺን ነይ የሚላት መሰለው። እዚያው ቆመ። ውጭ ጋሪው መንቀሳቀሱ ይሰማል።

«ሽመልስ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዚህ የበለጠ የሚያጠራ የለህም?»

አያ ደስታው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ጫማቸውን በምርኩዛቸው ፈልገው፣ ወደ በሩ እየወጡ «ልጄ» አሉት፤ «ልብ ያደፈረሰውን ዴክ አያጠራውም።»