የዓሣው ፈረሰኛ

፦ ተረት ተረት!
፦ የጓሮ በረከት!

በድሮ ዘመን፣ ሐይቁን ቁልቁል በሚያይ ደጋ ላይ ግራዝማች ወንድይራድ የሚባሉ ትልቅ ሰው ነበሩ። ትልቅነታቸውም ከሩቅ ይታይ ነበር። ሆዳቸው ቀድሞ ይመጣና እሳቸው ይከተላሉ። ጠዋት ጥሬ ሥጋ፣ ቀን ጥብስ፣ ማታ በቅቤ የራሰ ዶሮ ይበላሉ። «ጎመን በጤና» ማለትም ይወዱ ነበር። ጎመኑን ግን ለሎሌዎቻቸው ይተዉላቸዋል። ደግ ሰው ነበሩ።

ከዕለታት አንድ ቀን እግራቸው አበጠና መቆም አቃታቸው። መድኃኒተኛ ተጠራ። እሱም እግራቸውን ጫን ጫን አደረገና፦
«ግራዝማች፣ ሥጋውና ቅቤው ይብቃዎት። ማታ ማታ ዓሣ ከጓሮ አትክልት ጋር ይብሉ። አለዚያ ለገና አይደርሱም» አላቸው።
፦ እኔ ወንድይራድ! እግር የሌለው ነገር ልብላ?
፦ እርስዎስ እግር ሊኖርዎት ነው እንዴ?

ምራታቸው ስንዱ የሐይቅ ዳር ልጅ ነበረች። አማቷን ትወዳቸዋለችና እንዲሞቱባት አልፈለገችም። ወደ ሐይቁ ወረደችና ትኩስ ዓሣ ይዛ መጣች። ቅርፊቱን ፋቀች፣ ሆድቃውን አወጣች፣ በሎሚ አጠበችው። ነጭ ሽንኩርትና ጨው ቀባችውና ለስላሳ እሳት ላይ አኖረችው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበርና ጓሮው ሞልቷል። ለጋ ጎመን ቀነጠሰች፣ ዱባ ከተፈች፣ ቃሪያ ሰነጠቀች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ከዚያም አቀረበች።

ሽታው ግራዝማች አፍንጫ ገባ። ምራቃቸውን ዋጡ። ትልቅ ሰው ግን በሽታ ብቻ አይረታም። ወጪቱን አገላብጠው አዩና፦
«ፈረሰኛው የታለ?» አሉ።

መቼም ልጆቼ፣ ታውቃላችሁ። ዶሮ በብልት በብልቱ ይገነጠላል፤ ፈረሰኛ የሚባለው ብልት ደግሞ የአባወራው ነው። ፈረሰኛ ያልቀረበለት አባወራ፣ አባወራ መሆኑን በምን ያውቃል?

፦ አባባ፣ ዓሣ እኮ ፈረሰኛ የለውም።
፦ እንግዲያው አልበላም! ክብሬ የቱ ጋ እንዳለ ሳላውቅ አልጎርስም። ሽማግሌ ይጠራ!

ሽማግሌዎች መጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ዓሣውን ከበቡት። ነገሩ ከባድ ነበር።

አያ ጎበዜ፦ «ጭንቅላቱ ነው። ፊት ፊት የሚሄደው እሱ ነው» አሉ።
አያ ዋሴ፦ «የለም፣ ጅራቱ ነው። የሚነዳው እሱ ነው። አንተ ደግሞ ዓሣ የት አይተህ ታውቃለህ?»
፦ አንተስ? ሐይቁን ከዳገት ላይ አይደል የምታውቀው!

አለቃ ድንበሩ ብዙ አሰቡና፦ «ሳይቀምሱ መፍረድ ኃጢአት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጀርባውን ቀመሱና «ይህ አይመስለንም» አሉ። ጎኑን ቀመሱና «ይህም ያጠራጥራል» አሉ። ፍርድ እንዳይጓደል ጎመኑንም አብረው ጎረሱ። ዱባውን ለምስክርነት ጠሩት፤ ዱባውም ገባ፣ አልተመለሰም።

ግራዝማች ከመደባቸው ሆነው ያያሉ። ዓሣው እያለቀ ነው። አያ ዋሴ ወደ መጨረሻው ቁራጭ እጃቸውን ሲሰዱ ግራዝማች ጮሁ፦
«ኧረ እናንተ ሰዎች! ባለጉዳዩ ሳይቀምስ ዳኛው ይጨርሰው?»

ወጪቱን ነጠቁና ጎረሱ። ደግመው ጎረሱ። አጥንቱን መጠጡና ቀስ ብለው፦
«ልጄ፣ ከጎመኑ ቀርቷል?» አሉ።

አለቃም፦ «ማስረጃው ስለ ጠፋ ፍርዱ ለነገ ማታ ተቀጥሯል። ሌላ ዓሣ ይቅረብ» አሉ።

በነጋታውም ሳይፈረድ ቀረ። በየማታው ቀጠሮ፣ በየማታው ዓሣ ሆነ። ዱባው ሲያልቅ ስንዱ ባቄላ እሸት ፈለፈለች። ፍርድ ቀስ ትላለችና የግራዝማችም እብጠት ቀስ እያለ ጎደለ።

አንድ ማታ ግን የዓሣ አጥንት አያ ጎበዜን ጉሮሯቸውን ወጋቸው። በማግስቱ ሽማግሌዎች ዳገቱ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰቡና «ጭንቅላቱ ነው ብለን እንዝጋው» ተባባሉ። ወሬው ግራዝማች ጆሮ ደረሰ። ከመደባቸው ተነሡ። ዱላ አልያዙም፣ ሎሌም አልደገፋቸውም። ዳገቱን በገዛ እግራቸው ወጡና እጅ ነሱ፦
«ሽማግሎች፣ ስለ እግዚአብሔር! ነገሩ ገና አልተጣራም። ቀጠሮ ይጨመርልኝ!»

ተጨመረላቸው።

ተረቴን ውሰዱ፣ ድስቱንም ጣዱ፤
ዓሣው ሲበስል ግን እኔን እንዳትክዱ።