አያ ጅቦ ያየው ጅራታም ኮከብ

«እመት አህዪት፣ ቶሎ ይውጡ! ጅራታሙ ኮከብ ሊያመልጥዎ ነው!» አለ አያ ጅቦ የበረቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ። ተረት ነውና እንዲህ ይጀመር፤ ጎህ ገና አልቀደደም።

እመት አህዪት ኮከቡን ለማየት ሦስት ሌሊት ሳትተኛ ጠብቃለች፤ ሦስቱንም ሌሊት ደመና ነበር። ዛሬ ካለፈ ተመልሶ የሚመጣው የልጅ ልጆቿ ካረጁ በኋላ ነው ተብሏል። በሩን በአፍንጫዋ ልክ ከፈት አደረገች።

«ደመናው እኮ እንዳለ ነው። በየት በኩል አየኸው?»

«ይኸው፣ ከአናቴ በላይ! ጅራቱ ከእርስዎም ጅራት ይረዝማል።»

«ቀና ሳትል?»

አያ ጅቦ በዕድሜው ከአህያ ጀርባ ከፍ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ውሸቱ እንዳይነቃበት አንገቱን እንደ ምንም አቀና። በዚያች ቅጽበት ደመናው ተሰነጠቀና ኮከቡ ነጭ ጅራቱን ዘርግቶ ብቅ አለ።

«ኧረ ጉድ! ለካ እውነት ነው!»

አፉን እንደከፈተ ቀረ። እመት አህዪት ቀስ ብላ ወጥታ ከጎኑ ቆመች፤ እስክትጠግብም አየች። ደመናው መልሶ ሲገጥም እሷ በረቷ ገብታለች።

«ቆይ፣ የመጣሁት ለምን ነበር?» አለ አያ ጅቦ ግንባሩን እያሻሸ።

«ኮከቡን ልታሳየኝ ነዋ! እግዜር ይስጥልኝ» አለችና በሩን ጠረቀመችው።