የቀኙ ፍሬን ብቻ

የሰፈሩን ስም ረስቼዋለሁ፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የንግድ ፈቃድ ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ የመኪናቸው የፊት ፍሬን ሸራና ዲስክ አልቆባቸው ጋራዥ መጡ።

«ወጪው እንዲቀንስ የቀኙን ብቻ ቀይር። ሁለቱንም ካልክ ፈቃድህን አላድስም» አሉት መካኒኩን።

የመካኒኩ ፈቃድ የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ነበር። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትንሽ አሰበ።

«እሺ ጌታዬ። እንግዲህ ፍሬን በያዙ ቁጥር መኪናዋ ወደ ቀኝ ትጎትትዎታለች። ቤትዎ በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ።»

«ጥሩ፣ ራሷ ታስገባዎታለች። ቢሮዎስ?»

«በግራ።»

«እንግዲያው ቢሮውን ወደ ቀኝ ያዛውሩታ፤ ከግራው ፍሬን የሚረክስ ከሆነ።»

አቶ ልሳነወርቅ ሳቃቸው አመለጣቸውና ሁለቱንም አስቀየሩ። ጋራዡ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ የታደሰው በማግስቱ ነው።