አልሰምጥም ያለችው መርከብ

አንድ ሰው ነበረ። በጦር መርከብ ሆድ ውስጥ ያረጀ ሰው ነበረ።

ቁጭ በዪ፣ ትርሲት። ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «እምዬ፣ አባቴ ወጣትነቱን የጨረሰባት፣ በሰው አገር ወደብ ታስራ የቀረችው መርከብ ልትሰምጥ ነው። ጓደኞቹ ደውለው ለእኔ ነገሩኝ። እናቴ ‹ልቡ ይሰበራል፣ እንዳትነግሪው› ትላለች። ልንገረው ወይስ ልደብቀው?» ነው ያልሽኝ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ነኝ። ባሕርም አላየሁም። ስለ መርከብ የማውቀው ሁሉ ከአባትሽ አፍ የሰማሁት ነው። ስለ ሰው ግን ትንሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ስሚኝ፤ መልሱ መጨረሻው ላይ ነው።

እና ይህ ሰው ሥራው ከመርከቢቱ ሆድ ውስጥ ነበር፣ ፀሐይ ከማይደርስበት። የመርከብ ሆድ አንድ ወጥ አዳራሽ እንዳይመስልሽ። በብረት ግድግዳ የተከፋፈለ ነው። ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሳልፍ የብረት በር አለ፤ በሩ ከተዘጋ ጠብታ አያሳልፍም። ለምን ቢሉ፣ አንዱ ክፍል ውኃ ቢገባው ሌላው እንዲተርፍ ነው። ቅል አስቢ። አፉን ከድነሽ ወንዝ ላይ ብትጥዪው ይሰምጣል? እየተንሳፈፈ ይሄዳል እንጂ! አፉን ክፈቺና ጣዪው፤ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወርዳል። መርከብም ብዙ ቅል በአንድ ላይ ማለት ነው።

ስለዚህ በዚያች መርከብ ላይ አንድ ሕግ ነበረ፤ «ያለፍክበትን በር ዝጋ።» አለቃህ ቢጠራህ፣ እናትህ ሞተች ቢሉህ፣ መጀመሪያ በሩን ዝጋ። ይህ ሰው በልጅነቱ አንድ ጊዜ ከፍቶ አለፈና ተቀጣ፤ ዳግመኛ አልተቀጣም። በኋላም በጦርነት ጊዜ መርከቢቱ ጎኗን ተመታች። ውኃው እየጮኸ ገባ። እሱ ሮጦ በሩን ዘጋ፤ ውኃው እዚያው ታሰረ፤ መርከቢቱም እያነከሰች ወደብ ገባች። በላይዋ የነበሩት ሁሉ እናቶቻቸውን ለማየት በቁ። ከዚያ ወዲያ በር መዝጋት ለእሱ ጸሎት ሆነ።

ጊዜው ደረሰና ጡረታ ወጣ። እጁ ግን ጡረታ አልወጣም። ቤቱ ሲገባ ይዘጋል፣ ሲወጣ ይዘጋል። ሚስቱ በጭስ ታፍና፣ «አንተ ሰው፣ ቤታችን እኮ አይሰምጥም!» ትለዋለች። «እስካሁን ያልሰመጠው ማን እየዘጋው ሆነና ነው?» ይላታል። ሰርግ ሲጠራ ድንኳን ውስጥ ገብቶ የመግቢያውን ሸራ ይጥለዋል፤ ሙሽሮቹ ውጭ ይቀራሉ። ትስቂያለሽ፣ አይደል? አባትሽስ? ልጅ ሳለሽ ከዶሮዎቹ ጋር ዘግቶብሽ አልሄደም?

መርከቢቱም አረጀች። ብረቷ ዛገ፣ ሞተሯ ደከመ፤ ወደብ ዳር አሰሯት። ሽማግሌዎቹ ባሕረኞች እዚያው ዳር ካለ ዛፍ ሥር እየተቀመጡ ያዩዋት ነበር። የኛ ሰው አለ፤ መድፍ ተኳሽ የነበረ አለ፤ ወጥ አብሳይ የነበረም አለ። አንድ ቀን ስለ መጨረሻዋ ተነሣና ተጣሉ።

ተኳሹ፣ «ቆራርጠው ቢሸጧት ይሻላል። ማረሻ ትሁን፣ የቤት ጣራ ትሁን። ሰው ይጠቀምባት» አለ።

ወጥ አብሳዩ ነደደው። «አንተማ እናትህም ብትሞት አጥንቷን ማንኪያ ታደርገዋለህ!»

«የወጥህ ጨው እስካሁን ምላሴ ላይ አለ፤ ዝም በል አንተ።»

«ሰምጣ ብትቀር ነው የሚሻለው። የኖረችበት ባሕር ይውሰዳት እንጂ የማንም ሴት ምጣድ አትሆንም።»

«ዓሣ ይሽናባት ነው የምትለው?»

የኛ ሰው ግን፣ «እሷ አትሰምጥም» አለና ተቆጥቶ ተነሣ። በኃይል ዘግቶ መሄድ አማረው፤ ከዛፍ ሥር ነበሩና የሚዘጋው በር አጣ።

ታዲያልሽ፣ ወደቡ አዲስ አዛዥ ተሹሞለት ነበር። ደግ ሰው ነው፣ የባሕረኛ ልጅ። ከላይ ትእዛዝ ደረሰው፤ «ያቺን አሮጌ መርከብ ወደ ጥልቁ ጎትታችሁ አውጧት። ወጣቶቹ መድፍ ይለማመዱባት፤ ከዚያ ትስመጥ።» አዛዡ ሽማግሌዎቹን በመስኮት አያቸውና አንጀቱን በሉት። «እውነቱን ብነግራቸው ይሞቱብኛል» አለ በልቡ። ስለዚህ ጠራቸውና፣ «አባቶቼ፣ መርከባችሁ ወደ ሌላ ወደብ ልትዛወር ነው። ላይዋ ውጡና ተሰናበቷት» አላቸው።

ትንሽ ውሸት ናት። የወለዳት ርኅራኄ ነው። ነገር ግን ልጄ፣ ርኅራኄ የወለደው ውሸት ሲያድግ አባቱን አይመስልም።

ወጡ። ወጥ አብሳዩ ምድጃውን በእጁ ዳሰሰ። ተኳሹ መድፉ የነበረበት ቦታ ላይ ቆመ፤ መድፉ ተነቅሎ የቀረው የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው። የኛ ሰው በመሰላሉ ወደ ሆዷ ወረደ። ወርዶ ምን አየ? በሮቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል! ቶሎ እንድትሰምጥ ወጣቶቹ ቀድመው ከፍተዋቸው ነው። አንቺ ይህን ታውቂያለሽ፤ እሱ አያውቅም።

«እነዚህ የዛሬ ልጆች!» አለ። «ሩቅ መንገድ የምትሄድ መርከብ በሯ እንዲህ ተበርግዶ ትሸኛለች? ሊያሰምጧት ነው እንዴ!»

እያጉረመረመ ከበር በር ሄደ። አንዱን ዘጋ፣ መዘውሩን አዞረ፣ ትከሻው እስኪዝል አጠበቀ። ቀጠለና ሌላውን ዘጋ። አንድም ሳያስቀር ሁሉንም ዘጋቸው። የመጨረሻውን በር በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «በይ እንግዲህ፣ በሰላም ግቢ» አላት። በላብ ተጠምቆ ሲወጣ አዛዡ አየውና፣ «ምን ሆኑ፣ አባቴ?» አለው። «ስንቋን ቋጠርኩላት» አለ። አዛዡ ሲያለቅስ ቆይቶ የወጣ መሰለው፤ አልጠየቀውም። ወጣቶቹም ትናንት የከፈትነውን ዛሬ ማን ይዘጋዋል ብለው ተመልሰው አላዩም።

በማግስቱ ጠዋት ጎትተው አወጧት። ጥልቁ ከወደቡ ሩቅ አይደለም፤ ከዳር ሆኖ ይታያል። ሽማግሌዎቹ ሊሸኟት ከዛፋቸው ሥር ቆመው ነበር። ጎታቾቹ ግን መሀል ባሕር ላይ ገመዱን ፈቱና ሸሹ።

«ለምን ፈቷት?» አለ ወጥ አብሳዩ።

መድፍ አጓራ። ተኳሹ ድምፁን ያውቀዋላ! «ይህ የስንብት ተኩስ አይደለም። ይህ ጥይት ያለው ነው» አለ።

ጎኗ ተቀደደ። ጭስ ወጣ። ግን አልሰመጠችም። ደገሟት። ዘንበል አለችና ተመልሳ ቀና አለች። ወጥ አብሳዩ እያለቀሰ ማጨብጨብ ጀመረ። «እንቢ በያቸው! እንቢ በያቸው፣ የኔ እናት!» ማረሻ ትሁን ሲል የነበረውም ተኳሽ አብሮ ጮኸ። «የት ታውቋትና! ይቺ እኮ በእናንተ አትሞትም!»

ወጣቶቹ ግን ትእዛዝ ነውና ደጋገሙ። ምሰሶዋ ወደቀ። ቀለሟ ነደደ። ጎኗ ወንፊት ሆነ። አትሰምጥም፣ አትድንም። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ቀረ። በደነዘዘ ቢላ በሬ ሲታረድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሠንጋው እንቢ አለ ብሎ የሚያጨበጭብ ሰው የለም። ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞራል።

የኛ ሰው ፊቱን አላዞረም። መዳፎቹን ተመለከተ። ትናንት መዘውር ያጠበቀበት ቦታ ውኃ ቋጥሯል።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑን?» አለው ተኳሹ።

«በሮቹን የዘጋሁት። እየገደሏት ያሉት እነሱ፣ ሞቷን ያስረዘምኩባት እኔ።»

ይህን ብሎ ወደ አዛዡ ሄደ። አዛዡ ወደቡ ጫፍ ላይ ቆሞ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ተኩሱን አስቁምልኝ፣ ልጄ።»

«አባቴ፣ እንዳያዝኑ ብዬ ነው። በእግዚአብሔር ስም፣ እንዳያዝኑ ብዬ ነው የደበቅሁዎት።»

«ማዘንማ ይኸው አዘንኩ። ነግረኸኝ ቢሆን አንድ ጊዜ አልቅሼ በሮቿን እተውላት ነበር። ጀልባ ስጠኝ።»

«አደጋ አለው። ወጣቶቹ ሄደው ይክፈቱት።»

«የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

አዛዡ ቆቡን አውልቆ ለአንዱ ወታደር አቀበለና፣ «እንግዲያው አብረን እንሂድ። የደበቅሁትም እኔ ነኝ» አለው።

ተኩሱ ቆመ። እሳቱ እስኪበርድ ጠበቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ጀልባው ውስጥ ዘለው ገቡ። «አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?» ቢለው ተኳሹ፣ ወጥ አብሳዩ፣ «አንተ ዓይንህ አያይም፤ ባትሪ እይዝልሃለሁ» አለው።

ወረዱ። ጨለማ ነው፣ የተቃጠለ ቀለም ይሸታል። መዘውሩ ጠብቆ እንቢ አለ። ተኳሹ እያማጠ፣ «ማን የተረገመ ነው እንዲህ ያጠበቀው?» አለ። «አዙር ዝም ብለህ» አለው የኛ ሰው። በዚያ መሀል ሳቁ፣ አይገርምሽም? አዛዡም ሳቀ። በሮቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ወደ መሰላሉ መጡ። በመጨረሻ የኛ ሰው የባሕሩን ውኃ ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ቧንቧ ፈታው። ውኃው በጫማቸው ሥር ቀስ ብሎ መጣ። ሌሎቹ ወጡ፤ እሱ መጨረሻ ሆነ። የመጨረሻውን በር ሲያልፍ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ተዘረጋ። ብረቱን ነካ። ከዚያ እጁን ሰብስቦ ደረቱ ላይ አደረገውና ወጣ።

ከጀልባቸው ሆነው አዩዋት። ወደ ጎን አልተገለበጠችም፣ አልጮኸችም። ሥራ ውላ እንደ ደከማት ሴት ቀሚሷን ሰብስባ ቁጭ አለች። ውኃው ትንሽ ፈላ፤ ከዚያ ተኛ። ተኳሹ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት። «ማረሻ ብትሆን ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ወጥ አብሳዩም ለመጀመሪያ ጊዜ አልመለሰለትም። አንዱ ያዘነው ያለ ጥቅም ስለቀረች ነው፤ አንዱ ደስ ያለው ምጣድ ስላልሆነች ነው። ሁሉም የየራሱን ይዞ ወደ ወደቡ ቀዘፈ።

የኛ ሰው ቤቱ ገባ። በሩን ሳይዘጋ ገባ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። «ምነው? ዛሬ ቤታችን ሊሰምጥ ነው?» አለችው። «ነፋስ ይግባበት» አላት። ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ ራበኝ አለ፤ ሰጠችው፣ በላ።

ይኸው ነው፣ ትርሲት። ያ ሰው አባትሽ ነው። አዛዡ እናትሽ ናት። ክፉ አይደለችም፤ ከእኔም ከአንቺም ይልቅ እሷ ናት የምትሳሳለት። ግን ልብ በዪ። አባትሽ ከዚያ ወደብ የመጣ ሰው ባገኘ ቁጥር ምን ይላል? «ቀለም ቀብተዋታል?» ይላል። ስለ ሚስት ስለ ልጅ ሳይጠይቅ፣ «ቀለም ቀብተዋታል?» እስከ ዛሬ በሮቿን እየዘጋላት ነው። ዝም ካልሽው እሷ ከሰመጠችም በኋላ ሲዘጋ ይኖራል። አንድ ቀን የማያውቀው መንገደኛ፣ አውቶቡስ ተራ ላይ፣ ጫማውን እያስጠረገ «እሷማ ድሮ ሰመጠች» ይለዋል። ያን ጊዜ ጥይቱ ማንን እንደሚያገኝ አንቺው ንገሪኝ።

ልቡ ይሰበራል አለች እናትሽ። አዎ፣ ይሰበር። በወዳጅ ቤት፣ በሚስቱ ፊት፣ ጓደኞቹ ባሉበት ይሰበር። ሐዘን እንደዚያ ውኃ ነው፤ በጊዜው የከፈቱለት እንደሆነ ቀስ ብሎ ገብቶ ይተኛል። የዘጉበት እንደሆነ ግን ጎን እስኪቀድ ይደበድባል።

በይ፣ አሁን ተነሺ። ለእነዚያ ጓደኞቹ ደውዪና ወደ እኔ ቤት ኑ በያቸው፤ ይጣሉም፣ ያልቅሱም፣ የመሰላቸውን ያድርጉ። እናትሽም መጥታ ከጎኑ ትቀመጥ። ስትወጪ በሩን ክፍት ተዪልኝ፤ ደውለሽም ቶሎ ተመለሺ። አባትሽ ዛሬ ሊጠይቀኝ ይመጣል። እንደ ልማዱ ሊዘጋው ወደ ኋላ እጁን ሲዘረጋ፣ እጁን ያዢውና ንገሪው።