ቢሻው ደከመኝ ያለ ዕለት

ጆሯችሁን ስጡኝ። የአያቶቻችን አያቶች ገና ሳይወለዱ፣ ዋርካ ምድር በምትባል መንደር ቢሻው የሚሉት መቃብር ቆፋሪ ነበር። ከዶማው በቀር ሀብት የሌለው ድሃ ነው። በዚያ አገር ደንብ ሬሳ ጉድጓድ የሚገባው ቆፋሪው አስቀድሞ «ነፍስ ይማር» ሲል ነው። እሱ ካላለ ማንም አይልም፤ ሬሳውም አይወርድም።

አንድ ጊዜ የጎተራ ሌባ ሞተ። መንደሩ «የበላውን ይዞ ይሂድ» ብሎ ከእርሻው አልተነሳም። ቢሻው ብቻውን ቆፈረ፣ ብቻውን ተሸከመ። ነፍስ ይማር አለ። ወገቡን ይዞ ቤቱ ገባ።

ደግሞ ወረርሽኝ በገባ ዓመት አንዲት መንገደኛ ወንዝ ዳር ሞታ ተገኘች። ሰው በሽታውን ፈርቶ በሩን ዘጋ። ቢሻው ቆፈረ፣ የገዛ ጋቢውን ከፈን አደረገላት። ነፍስ ይማር አለ። ያን ክረምት በብርድ ሲንዘፈዘፍ ከረመ። የመንደሩ ሰውማ «ምን አገባው?» እያለ እሳቱን ይሞቅ ነበር።

በሦስተኛው ላቀው ሞተ። ላቀው በመስኖ ውሃ ተጣልቶ የቢሻውን አንድያ ልጅ የገደለ ነው። ዘመኑን በረሃ ለበረሃ ሲሸሽ ኖሮ፣ ሊሞት ሲል እናቱ ቤት ገባ። ማን ይቅበረው? አሮጊቷ ዕርቅ ለማኝ እንደሚያደርገው ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ከቢሻው ደጅ ቆመች።

«ወንድሜ ቢሻው፣ ልጄን ጅብ አይብላብኝ።»

ቢሻው ዶማውን አንስቶ ወጣ። ቆፈረ፣ ቆፈረ። ቁመቱን ያህል ሲወርድ ወጥቶ ቆመ። ሕዝቡ አፍ አፉን ያየዋል። ቃሉ አልወጣ አለው። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች፣ አዘቀዘቀች፤ ሬሳው ቃሬዛ ላይ ነው። ልጁ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት።

ዞር ሲል የላቀው እናት ድንጋዩን እንደተሸከመች ናት። ከጠዋት ጀምሮ አላወረደችውም።

«እትዬ፣ አውርጂው» አላት። «ልጄን አልረሳሁም። ልጅሽንም አልወደድኩት። ግን ደክሞኛል። በቃ፣ ነፍስ ይማር።»

ድንጋዩን ተቀብሎ ከመቃብሩ ራስጌ አኖረው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ሬሳ ሳይወርድ ቆፋሪው «የደከመው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሟች ጋር የተቀያየመ ሰው ድንጋይ ይዞ ይመጣል፤ ራስጌው አኑሮ «ደክሞኛል» ይላል። ይቅር ብያለሁ እንዲል ማንም አያስገድደውም።

ቢሻውም በተራው ሞተ። «የደከመው አለ?» ተብሎ ተጠየቀ። ሦስቴ ተጠየቀ። ድንጋይ ያነሳ ሰው አልነበረም። ራስጌው ድንጋይ የለምና መቃብሩ የት እንደሆነ ዛሬ የሚያውቅ የለም።