ያልራበው ዓሣ

አንድ ሰው በልጁ የሰርግ ቀን ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ።

ልክ ነው የሰማችሁት ምእመናን፤ አፌን አዳልጦኝ አይደለም። ድንኳን ተጥሎ፣ ዘመድ አዝማድ ከየአገሩ ተሰብስቦ፣ ግቢው በሰው ሲተራመስ፣ የሙሽራዋ አባት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልሎ በጓሮ በር ሹልክ አለ። እብድ ነው? አይደለም። ሰካራም ነው? ጠብታ አይቀምስም። ታዲያ ምን ነካው? እሱን ልነግራችሁ ነው፤ ታገሡኝ።

ሰውየው ጋሽ ይርዳው ይባላል። ዕድሜውን ግድብ ሥራ ላይ ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በረሃ እያለ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ያስተማረው ጥበብ ነበረው፤ ከዶሮ ላባና ከክር ዝንብ ይሠራል። የውሸት ዝንብ ነች። በላባዋ ውስጥ መንጠቆ ይደብቅና በረጅም ቀጭን ዘንግ ውኃው ላይ ጣል ያደርጋታል። ዓሣው እውነተኛ ዝንብ መስላው ላፍ ሲያደርጋት አለቀለት። ከከተማው ጫፍ አንዲት ትንሽ ሐይቅ አለች፤ የማንም አይደለችም፣ የሁሉም ናት። ሥራ ሲፈታ እዚያ ሄዶ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያጠምዳል። በመረብ የሚያጠምዱት ሰዎች በላባው ይስቁበታል፤ እሱ ግድም የለው።

ይህ ሰው በሆዱ የሚታማ እንዳይመስላችሁ። ረቡዕና ዓርብን ስቶ አያውቅም። የግምጃ ቤት ኃላፊ በነበረበት ዘመን አንዲት ሚስማር ወደ ቤቱ አላስገባም። ፈታኝ በመብል ቢመጣበት አያገኘውም፤ በመጠጥ ቢመጣበት አያገኘውም። እንዲህ ያለውን ሰው እንግዲህ በምን ይይዙታል? እስቲ ንገሩኝ፣ በምን?

በሚወደው ነዋ። አንዲት ልጅ አለችው፣ የምሥራች የምትባል። ሰርጓ ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ ጎረቤት ጋሽ ይርዳውን መንገድ ላይ አስቆመው። ለክፋት ይሁን ለወሬ ያህል ፈጣሪ ይወቀው፤ የሙሽራው አጎት፣ ሽማግሌ ሆነው የመጡት አቶ ደምሰው፣ ስለ አንተ እንዲህ ብለዋል አሉ ብሎ ሹክ አለው። "አባትየው ግድብ ለግድብ ሲዞር ልጅቷን ያሳደገቻት እናቷ ናት። የእሱ ምርቃት ቢቀርም አይጎዳንም።"

ቃሉ የት ላይ እንዳረፈ አስተውሉ። ጋሽ ይርዳው ሃያ ሁለት ዓመት ሐሩር የቆላው ለዚያች ልጅ ብሎ ነው። ስትድህ አላየም። ጥርስ ማብቀሏን የሰማው በደብዳቤ ነው። ይህ ቁስሉ ነው፤ ሚስቱ እንኳን አትነካበትም። አሁን ነደደ። ከነደደም በኋላ "እውን ብለዋል ወይ?" ብሎ አጎትየው ዘንድ አልሄደም። ለሚስቱ ለወይዘሮ እልፍነሽም ትንፍሽ አላለም። ሰርጉ ላይ አልገኝም አለ፣ በቃ። ሚስቱ ለመነችው። ልጅቷ እግሩ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ምን በደልንህ ቢሉት ዘንጉን መወልወል ያዘ።

እሑድ ጠዋት ሐይቁ ዳር ቆመ። ወሩ ጥር ነው። በዳርቻው፣ ውኃው ከጉልበት በማያልፍበት ቦታ፣ የሳፋ አፍ የሚያካክሉ ክብ ክብ ጉድጓዶች ከሥር ይታያሉ። ዝንቧን ከጉድጓዶቹ በላይ ጣል አደረጋት። ላፍ። ደግሞ ጣላት። ላፍ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ማጥመድ ገጥሞት አያውቅም፤ ዝንቧ ገና ውኃውን ከመንካቷ ይዘሉባታል። ሰዓት ሳይሞላ አሥራ ዘጠኝ ቆሮሶ ሣሩ ላይ ተጋደመ። በዚያ ሁሉ ንዴት መሃል ሳቅ መጣበትና ምን ዓይነት ሆዳሞች ናቸው አለ በልቡ።

ትንሽ ራቅ ብላ ትርሲት የምትባል ወጣት ባለሙያ ነበረች። ሥራዋ ስለ ዓሣ ማጥናት ነው፤ የሐይቁን ውኃ በጠርሙስ ትቀዳለች። የተጋደሙትን ስታይ መጣችና ሆዳቸውን ከፍቼ ልያቸው ብላ ፈቃድ ጠየቀችው። እንደፈለግሽ አላት። አንዱን ቀደደች፤ ሆዱ ባዶ ነው። ሁለተኛውንም ቀደደች፤ ባዶ። ስድስት ከፈተች፤ ስድስቱም ባዶ። ጋሽ ይርዳው ጎንበስ ብሎ አየና ግራ ተጋባ። እንዲህ ርቧቸው ነው ለካ የሚሻሙት አላት።

"አልራባቸውም አባባ" አለችው። "እነዚህ ወንዶቹ ናቸው። ጉድጓዱን የቆፈሩት ለመራቢያ ነው። እሱን ሲጠብቁ መብሉንም ይረሱታል፤ የቀረባቸውን ሁሉ ግን ይነክሳሉ። ዝንብዎን ሊበሏት አልነበረም፤ ከቤታቸው ሊያባርሯት ነው።"

መንጠቆው አይታያቸውም ወይ ብሎ ጠየቃት። የተቆጣ ዓሣ መች ያይና አለችው፤ ዋዛ መስሏት ፈገግ ብላ። እሱ ግን ክው አለ። ዞሮ ውኃውን ሲያይ ጉድጓዶቹ ጠባቂ የላቸውም፤ ሌላ ዓሣ እንዳሻው ይገባል፣ ይወጣል። ቤታቸውን እንጠብቃለን ብለው የነከሱት ሁሉ ሣሩ ላይ ተጋድመዋል። እኔስ አለ፤ አሁን በዚች ሰዓት የእኔ ቤት ማን አለው?

ዘንጉን ጥሎ፣ ዓሣውን ጥሎ ሮጠ። መንገድ ወጥቶ ባጃጅ አስቆመና ፍጠን፣ ፍጠን እያለ ሾፌሩን አጣደፈው። ግቢው በር ሲደርስ መኪኖቹ የሉም። ሰርገኛው ሄዷል፤ ጎረቤቶች ሳህን ይሰበስባሉ። ሳሎን ገባ። ሙሽሮች ጉልበት የሚስሙባቸው ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በአንዱ ላይ ወይዘሮ እልፍነሽ አለች። በሌላው ላይ ለሰርጉ ያሠራው ጋቢ ታጥፎ ተቀምጧል።

አልተቆጣችውም። ድምጿም ከፍ አላለም። "እስከ መጨረሻው በር በሩን ስታይ ነበር" አለችው። "ሳትመጣ ስትቀር ተንበርክካ ያንተን ወንበር ሳመች። ወንበሩን ስማ ሄደች።"

ደነገጠ ብዬ ብነግራችሁ ቃሉ ያንሳል። የታጠፈውን ጋቢ አንሥቶ እቅፍ አደረገው።

ያኔ ነው አንድ ሽማግሌ ከጥግ የተነሡት። አቶ ደምሰው ናቸው። ሰርገኛው ሲሄድ እሳቸው ቀርተዋል። ጋሽ ይርዳው ሦስት ቀን ውጦት የከረመውን ጥያቄ ያን ጊዜ አወጣው፤ የእሱ ምርቃት ቢቀር አይጎዳንም ብለዋል ወይ አላቸው።

"እኔ?" አሉ ሽማግሌው። "እኔ ለምን የቀረሁ ይመስልዎታል? ልጅቷን እንደሚመርቋት ሳይነግሩኝ ይህንን ቤት ለቅቄ አልሄድም ብዬ ነው እኮ።"

ሰማችሁ? አንዲት ጥያቄ ነበረች። እስከ አቶ ደምሰው ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበረች። ያችን ጥያቄ ሳይጠይቅ ቀርቶ ልጁ ባዶ ወንበር ሳመች። በማግስቱ ለመልስ ስትመጣ መረቃት፤ እያለቀሰ መረቃት። ያን እሑድ ግን ማን ይመልስላታል?

ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው ምእመናን። እንግዲህ ሥጋውን ትተዋላችሁ፣ ወተቱን ትተዋላችሁ። እኔም እተዋለሁ። ሆዳችንን በመጠበቅ ማን ይችለናል? ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከእህትህ ጋር ሰባት ዓመት የተዘጋጋኸው ርቦህ ነው? አንቺስ የባልሽን እናት ደጅ መርገጥ የተውሽው ጠምቶሽ ነው? ማኅበራችንን ለሁለት የከፈልነው በጮማ ተጣልተን ነው? አይደለም። ቤቴን ስላስከብር ነው ትላላችሁ። ልጄን ስለምወድ ነው፣ ስሜ ስለተነካ ነው ትላላችሁ። አውቃለሁ፤ እኔም በዚያው ነው የተያዝኩት። የተነገረኝን ሳላጣራ ወንድሜን አራት ዓመት ቀጥቼዋለሁ፤ ስጠይቀው ነገሩን ከነአካቴው አያውቀውም ነበር።

ከኋላ የተቀመጣችሁ አታቀርቅሩ። አሁን ስናገር በልባችሁ የመጣ አንድ ስም አለ። "እንዲህ አለህ፣ እንዲህ አለሽ" ተብላችሁ የቆረጣችሁት ሰው አለ። ከአፉ ሰምታችኋል? ጠይቃችሁታል?

ስልክ በየኪሳችሁ አለ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ቤት ሳትደርሱ፣ ደውሉለት። እውነት ብለህ ነበር ወይ በሉት። ብሎ ከሆነ ፊት ለፊት ትነጋገራላችሁ። ሳይል ቀርቶ ከሆነስ? በሕይወት እያለ ሰማችሁት ማለት ነው፤ ተመስገን ነው። አምሳ አምስቱን ቀን የምትቆጥሩት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ደውሉ፤ ከዚያ ጹሙ።